ክኒን ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም

በእኛ አገር አንዲት ሴት «መድኃኒት ታውቃለች» ከተባለች አለቀላት። ጠላዋን የሚቀምስላት አታገኝም። ባሏ ቢታመም እሷ ናት፤ የጎረቤት ላም ብትነጥፍም እሷ ናት። እርጉዝ ሆና «መድኃኒት ጠጣች» ከተባለችማ የባሰ ነው፤ የሆዷን ልጅ ልታስወርድ ፈለገች ማለት ነው። በዚያው አፋችን ደግሞ መድኃኔዓለም ብለን እንማልበታለን። ቃሉ አንድ ነው፤ ሲሻው ያድናል፣ ሲሻው ይገድላል። ይህን ሁሉ የማወራው ታናሽ እህቴን ከቤቷ ሊያስወጣት ምንም ያልቀረው ይኸው ቃል ስለሆነ ነው።

እኔ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። በጃንሆይ ጊዜ ደብረ ማርቆስ ከተማ ፈትል እየፈተልኩ የምሸጥ ሴት ነበርኩ። ማንበብ የለመድኩት አጠገባችን ሱቅ የነበራቸው ሙስሊም ጎረቤታችን ስኳርና ጨው ከሚጠቀልሉበት አሮጌ ጋዜጣ ነው። ስለዚህ የማነበው ወሬ ግማሹ ሁልጊዜ ተቀዶ የቀረ ነበር። የነገር መጨረሻ ሲጎድልብኝ ዛሬም አይደንቀኝም።

እህቴ የተዳረችው ከሮብ ገበያ ወደ ላይ፣ ከጮቄ ግርጌ፣ የገብስና የድንች አገር ነው። ባሏ ሥራ ወዳድ፣ ዝምተኛ ሰው ነበር፤ ሰላም ሲሉት እንኳ አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል። የእሱን ድርሻ ንግግር ሁሉ የወሰዱት እናቱ ይመስሉኛል። አማቷ ነገር አዋቂ ነበሩ፤ ሙግት ቢቆሙ ወንዱን ሁሉ አንገት የሚያስደፉ።

በተዳረች በዓመቷ ገደማ እህቴ ታመመች። እንቅልፍ አጣች፤ ከጣራው ጋር ታወራለች፤ ቀሚሷን አውልቃ በዝናብ ወደ ወንዝ ትሮጣለች። ባሏ እያለቀሰ በገመድ አሰራት። እውነቱን ልናገር፤ አማቷ ያን ጊዜ እናት ሆኑላት። በብርዱ ጸበል ይዘዋት ሲወርዱ ልብሳቸው እስኪበሰብስ አብረዋት ይቆሙ ነበር። ጸበሉ ለጥቂት ጊዜ ያበርዳታል፤ ከዚያ ይመለስባታል። በመጨረሻ እኔ ነኝ አባይን ተሻግሬ በአውቶቡስ አዲስ አበባ የወሰድኳት። አጠገባችን የተቀመጠች ሴት ቅርጫቷን አንስታ ኋላ ሄዳ ቆመች። እህቴ መንገዱን ሁሉ ስትሳደብ፣ ስትዘፍን ሄደች፤ ሹፌሩም እንዲህ ያለ ዘፋኝ በነጻ ጭኖ እንደማያውቅ ቀለደ።

እዚያ ያለው ሐኪም ቡናማ ክኒን ሰጣት። መጀመሪያ እንቅልፍ ጣላት፤ ቀን ከሌት ተኛች። ከዚያ አንድ ቀን አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ፀጉሯን ዳበሰችና፣ «እታለም፣ ፀጉሬን ማነው እንዲህ ያበላሸው?» አለችኝ። እኔ ያን ጊዜ አለቀስኩ። እህቴ ተመልሳ ነበራ።

ከዚያ በኋላ ክኒኑን ከደብረ ማርቆስ ሐኪም ቤት እየተቀበልኩ በገበያተኛ እልክላት ነበር። ማታ ማታ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ አንዱን ከመቀነቷ ቋጠሮ ፈትታ ትውጣለች። አማቷ ራሳቸው «ክኒንሽን ዋጥሽ?» ይሏት ነበር፤ በጉ ገባ ወይ ብሎ እንደሚጠይቅ ሰው። በዚያ ቤት ስሙ ክኒን ነው። መድኃኒት ብሎ የጠራው አልነበረም። መድኃኒት ከመሬት ተምሶ የሚወጣ፣ ደጃፍ የሚቀበር፣ አንገት ላይ የሚታሰር፣ የላኪ እጅ ያለበት ነገር ነው። ክኒን ግን በአውቶቡስ የሚመጣ ነው።

አንድ ክረምት ወንዙ ሞልቶ ገበያተኛ ሳይሻገር ቀረና ክኒኑ አለቀባት። በሽታው በሩን አንኳኩቶ እንኳ አልገባም፤ ዘሎ ገባ። ወንዙ ጎድሎ ክኒኑ እስኪደርስ ባሏ እንደገና ገመድ ፈለገ። እንግዲህ ያለ ክኒኑ ማን እንደምትሆን አይታዋለች። ያችን ሴት «ያችኛዋ» ነው የምትላት። «ያችኛዋ የሰፋችው ነው» ብላ የተንሻፈፈ ስፌት ታሳየኝና ትስቃለች።

ስታረግዝ የጎረቤት ሴቶች ክኒኑን ተይው አሏት። ምክንያት አልነበራቸውም፤ እርጉዝ ሴት እንግዳ ነገር ስትበላ ደስ አይላቸውም፣ ያው ነው። እሷ ግን አሰበችበት። «ካቆምኩት የምትወልደው እኔ አይደለሁም፤ ያችኛዋ ናት» አለች። እንዳትውጥ የነገራት ሐኪምም አልነበረም።

ሴት ልጅ ወለደች። ዐይኗ ጎላ ጎላ ያለ፣ ጣቷ ረጃጅም። ራሷ ከወትሮው ተለቅ ያለ ነበር፤ አዋላጇ የብልህ ራስ ነው ብለው አለፉት። እህቴ እንደ ደንቡ እርግብግቢቷ ላይ ቅቤ ታደርግላታለች። የሌላው ሕፃን እርግብግቢት ጎድጎድ ብሎ ትር ትር ይላል፤ የእሷ ግን እንደ ሊጥ ኩፍ እያለ መጣ። ራሷ እያደገ አንገቷ መሸከም አቃተው፤ ዐይኗም ሁልጊዜ ወደ ታች ያያል። አንዱ ቡዳ ነው አለ። አማቷ ደግሞ ወንዝ ዳር የለከፋት የቀትር ጋኔን ነው ብለው እንደገና ወደ ጸበሉ ወረዱ።

እህቴና አማቷ ልጅቷን ይዘው እኔ ዘንድ መጡና አብረን ሐኪም ቤት ሄድን። አንድ ፈረንጅ ሐኪም ነበር፤ የሚያስተረጉምለት ደግሞ የጉንደ ወይን ሰው የሆነ ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት። ሐኪሙ የልጅቷን ራስ በሜትር ለካ፣ በጣቱ ዳሰሰ። ለራሷ ማድረግ የሚችለው ነገር እንደሌለ ሲናገር ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ሳይተረጎም ገባን። ከዚያ መጠየቅ ጀመረ። እኔ ኋላ እንደሰማሁት ያን ጥያቄ የሚጠይቀው እንደዚህ ያለ ልጅ ይዛ የመጣችውን እናት ሁሉ ነው። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ክኒን እርጉዝ ስትውጠው የፅንሱ አንጎል ድረስ ይደርስ ይሆን የሚል ጥርጣሬ በሐኪሞቹ መካከል ተነሥቶ ነበርና፣ እሱም ያን ለማወቅ መልስ ይሰበስብ ነበር።

ድሬሰሩ በአማርኛ ያቀረበው እንዲህ ብሎ ነው፤ «እርጉዝ ሳለሽ መድኃኒት ወስደሻል ወይ?»

የእህቴ ፊት ተለዋወጠ። ልጅቷን ወደ ደረቷ ጠጋ አደረገች። «ንጉሥ ይሙት፣ መድኃኒት የሚባል በአፌ አልዞረም» አለች።

አማቷ ከወንበራቸው ተነሡ። ምራታቸው እንደዚያ ያለች ሴት እንዳልሆነች፣ የልጅ ልጃቸው በስለት የመጣች እንደሆነች፣ ይህ ምን ያለ የነውር ጥያቄ እንደሆነ ለድሬሰሩ ነገሩት። እኔም በሩ ላይ ቆሜ ደሜ ፈላ። ሦስታችንም የሰማነው አንድ ነገር ነበር፤ ልጅሽን ልትገድያት ነበር ወይ ነው ያላት። ሐኪሙ ራሱን ነቅንቆ ጻፈ። «የለም» ብሎ መሆኑ ነው።

ወረቀት እስኪጻፍልን ደጅ አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ፀሐይ አዘቀዘቀች። እህቴ መቀነቷን ፈትታ ክኒኗን አወጣችና ድሬሰሩን ውሃ ለመነችው። ሐኪሙ በዚያ ሲያልፍ እጇ ላይ ያለውን አየ፤ ቆመ። ምንድነው አለ። ክኒን ነዋ አለችው። መድኃኒት አልወሰድኩም አላልሽም ወይ ተባለች።

«ክኒን ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም» አለች፤ ሰውየው ድንጋይን ዳቦ ያለ ይመስል እያዘነችለት።

ድሬሰሩ ሲተረጉምለት ሐኪሙ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። የሚጽፍበትን ደብተር ገልጦ ከእሷ በፊት «የለም» ያሉትን ሴቶች ሁሉ አንድ በአንድ በጣቱ ነካ። ከዚያ ቀስ ብሎ ብዙ ተናገረ። ያለው ይህ ነው፤ ክኒኑ ይሁን ሌላ ነገር አይታወቅም፤ ክኒን ያልዋጠች ሴትም እንደዚህ ያለ ልጅ ትወልዳለች፤ የምንጠይቀው ስለማናውቅ ነው፤ አንቺ ግን በገዛ እጅሽ እንዳታቋርጪ፤ ዳግመኛ ማርገዝ ብትፈልጊ አስቀድመሽ ነይ። ድሬሰሩ ሁሉንም በደንብ ተረጎመ። ነገር ግን የጀመረው «ልጅቷን የጎዳት መድኃኒቱ ይሆን ብሎ ጠርጥሯል» ብሎ ነበር። የአማቷ ጆሮ እዚያ ላይ ተዘጋ።

መድኃኒት። ጎዳት። በንጉሥ ስም ደግሞ በሐሰት ምላለች። ወደ ቤት ሲመለሱ አማቷ ልጅቷን ከእጇ አልተቀበሏትም፤ ከፊት ከፊት እየሄዱ አንዴም ዞር አላሉም።

ብዙ ሳይቆይ ሽማግሌ ተጠራ የሚል መልእክት ደረሰኝ። ፈትሌን እንደተጀመረ ጥዬ ወጣሁ።

የተቀመጡት ከቤቱ በላይ ካለው ትልቅ የኮሶ ዛፍ ሥር ነው። ሦስት ሽማግሎች ናቸው፤ መካከለኛው የደብሩ ቄስና የቅኔ መምህር የኔታ ነበሩ። ባሏ ከዳር ተቀምጦ በዱላው መሬት ይጭራል። እህቴ ልጅቷን አዝላ ቆማለች።

አማቷ ነጠላቸውን አስተካክለው ተናገሩ፤ መናገር ያውቁበታል። ሳትወልድ እንዴት እንዳስታመሟት፣ ጸበል ውስጥ ስንት ጊዜ አብረዋት እንደቆሙ፣ እሷ ግን በገዛ ቤታቸው ተደብቃ መድኃኒት ስትወስድ እንደኖረች፣ ይህንንም ፈረንጁ ራሱ እንደመሰከረባት ተናገሩ። ክኒንሽን ዋጥሽ ይሏት የነበሩት እሳቸው መሆናቸው ተረስቷል። መጨረሻ ላይ ድምፃቸውን አለሰለሱት።

«የገዛ ራሷን ላድን ብላ የልጄን ልጅ ራስ አጠፋችው» አሉ። «ወይ ያን መድኃኒቷን ወንዝ ትጣል፣ ወይ ቤቱን ትልቀቅ። ልጅቷ ከእኛ ትቀራለች።»

ሽማግሎቹ አጉረመረሙ። ራስ በራስ ገጥሞ ነገሩ ጆሮ ላይ ጣፍጧላ። የጎጃም ሰው እንዲህ ነው፤ አነጋገሩ ካማረለት ፍርዱን ግማሽ መንገድ ሄዷል።

እኔ ተነሣሁ። አንዱ ሽማግሌ እህት ለእህት ምስክር አትሆንም፣ ተቀመጪ አሉኝ። ከቆምኩ አልቀመጥም አልኳቸው።

«ከተማ ያስለመደሽ ነው» አሉ። «ቁሚ እንግዲህ፤ እግሩ የአንቺ ነው።»

እስከ መጨረሻው ቆምኩ። ወገቤ ተቆረጠ፤ ግን እምቢ አልኩ።

የኔታ ወደ እህቴ ዞሩ። በንጉሥ ስም ምለሻል አሏት። መድኃኒት ወስደሻል ወይስ አልወሰድሽም?

«የኔታ፣ እርስዎ መድኃኒት ሲሉ የትኛውን ነው?»

ከኋላ የተቀመጡ ሰዎች ሳቁ። የኔታ ግን አልሳቁም፤ እንዲህ ያለ ነገር ሥራቸው ነው። ክኒኑን ከጠየቅኩሽስ አሏት። ውጫለሁ፣ ዛሬም እውጣለሁ አለች። የሚያስወርደውንስ ከጠየቅኩሽ አሏት። እሱ በአፌ አልዞረም፣ የማልኩትም እሱን ነው አለች።

«ተማሪዎ ሰሙን ይዞ ወርቁን ቢስት ይገርፉታል እንጂ ከአገር አያስወጡትም» አለቻቸው። «እኔ ቃሉን ሳትኩ፤ ጠያቂውም ሳተ። ይግረፉን።»

አማቷ ቃሉን ተዉት አሉ፤ ልጅቷን እዩ። ያን ሲሉ ሁሉም ልጅቷን አዩ። ከእናቷ ትከሻ በላይ ያ ትልቅ ራስ ዘንበል ብሎ ይታይ ነበር። ነገሩ ያከተመ መሰለኝ።

እህቴ እጇን ወደ ላይ አነሣች፤ ወደ ኮሶው።

«ይህን እርጉዝ እንዳትጠጣው ማን ነው የነገረን?» አለች።

ከጥንት የታወቀ ነገር ነው አሉ አንደኛው ሽማግሌ። ወንዱም ሴቱም ለሆዱ ትል ኮሶ ይጠጣል፤ እርጉዝ ግን አትነካውም፤ ያስወርዳታልና። ይህን ሕፃንም ያውቃል።

«ከጥንት ማን አወቀው? መጽሐፍ አይደለም፤ የኔታ ምስክሬ ናቸው። እርጉዝ ሆና ጠጥታ ልጇ የወረደባት አንዲት ሴት ናት። ስሟን የሚያውቅ የለም። ኮሶ ጠጥቼ ነበር ብላ ባትናገር ኖሮ አማቴ እማማም እርጉዝ ሳሉ ይጠጡት ነበር፣ የእርስዎ እናትም ይጠጡት ነበር፤ ከዚህ የተቀመጣችሁት ግማሻችሁ አትወለዱም ነበር። ያችን ሴት ከቤቷ አስወጥተዋት እንደሆነ አላውቅም። አስወጥተዋት ቢሆን ግን ሁለተኛዋ አፏን አትከፍትም። እንግዲህ እኔን አስወጡኝ፤ የሚቀጥለው ሐኪም መጥቶ ሲጠይቅ ሴቱ ሁሉ የለም ይለዋል፤ ልጁም እንዲህ እየሆነ ይወለዳል።»

ልጅቷን ጀርባዋ ላይ አስተካክላ አዘለች።

«ሐኪሙ አላውቅም አለ። እኔም አላውቅም። ራሴን ሳድን ራሷን ጎድቼ ይሆን ብዬ በየቀኑ ራሴን እጠይቃለሁ፤ እማማ ሊጠይቁልኝ አይገባም። ክኒኑን ግን አልተውም። ከተውኩት ይህችን ልጅ የሚያዝላት አይኖርም፤ ያችኛዋ ልጅ ማዘል አታውቅም።»

ፀሐይዋ ዘንበል ብላ ነበር። እህቴ በአንድ እጇ ልጅቷን ደግፋ በሌላው መቀነቷን ፈታች። ክኒኗን አወጣችና መዳፏ ላይ አድርጋ ለሽማግሎቹ አሳየች። ከዚያ ውሃ ስጡኝ አለች።

የተንቀሳቀሰ የለም። አማቷ ወደ ተራራው ዞሩ። እኔ ልሄድ ነበር፤ ግን እግሬን ከማንሣቴ በፊት ባሏ ዱላውን መሬት ላይ አስተኝቶ ተነሣ። ወደ ቤት ገባ። ልብሷን ይዞ ይወጣል ብዬ ነበር፤ ያልኩትን አልክድም። በጣሳ ውሃ ይዞ ወጣ። በሽማግሎቹ መካከል አልፎ ሰጣት፤ ዋጠችው፤ ጣሳውን ተቀበላትና ተመልሶ ዱላው አጠገብ ተቀመጠ።

«ባል ውሃ ካቀበለ እኛ ምን ቀረን?» አሉ ቁሚ ያሉኝ ሽማግሌ።

የኔታ ልጅቷን መስቀል አሳለሙና ጉባኤው ተበተነ።

አማቷ አልታረቁም። ያን ዓመት ሁሉ እህቴ የጋገረችውን አልበሉም፤ ለብቻቸው ምጣድ አኖሩ። ልጅቷን ግን ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ላይ ይዘው ይቀመጡ ነበር፤ ራሷን በክንዳቸው ደግፈው፣ ለእሷ ብቻ በሚሆን ድምፅ እያወሩ። እህቴ ከማድቤት ሆና ታያቸዋለች። ልጅቷ የእናቷን ኮቴ ለይታ ታውቅ ነበር፤ ከደጅ ስትሰማው አፏን ከፈት አድርጋ ትስቃለች። ሁለተኛውን ክረምት አልዘለቀችም። ለሕፃን አይለቀስም ያሉ ነበሩ። እህቴ አለቀሰች፣ አስለቀሰችም፤ ለትልቅ ሰው እንደሚደረገው ተቀምጣ እዝን ተቀበለች።

ሐኪሙ ወደ አገሩ ሲሄድ መልሱን አግኝቶ እንደሆነ አልነገረንም። ክኒኑ ነው ያለኝ አለ፤ አይደለም ያለኝም አለ። እኔ እስከ ዛሬ የማውቀው እህቴ የምትመልሰውን መመለሷን ብቻ ነው። ተመልሳ ሄዳ የጠየቃትን ሁሉ ነግራዋለች፤ መቼ እንደጀመረች፣ ስንት ስንት እንደምትውጥ፣ ወንዙ የሞላ ጊዜ የሆነችውን ሳይቀር።

ከዚያ በኋላ ሴቶቹ ወደ እሷ መምጣት ጀመሩ። በግልጽ አይደለም፤ እሳት ልጫር ብለው፣ ወፍጮ ላይ ተጠግተው። አንድ ሮብ ገበያ ላይ ድንቿን ዘርግታ እኔም አጠገቧ ፈትሌን ይዤ ስንሸጥ፣ ሆዷ የገፋ አንዲት ወጣት መጥታ የእህቴን ነጠላ ጎተት አደረገች። መዳፏን ስትከፍት ነጫጭ ክኒኖች ናቸው። ለምን እንደተሰጣት እንኳ አጥርታ አታውቅም። ይሆነኛል ወይ አለቻት።

«አላውቅም» አለቻት እህቴ። «ስንት ውጠሻል?»

ልጅቱ ደነገጠች፤ ግራ ቀኝ አየችና ምንም አልዋጥኩም አለች። እህቴ እጇን ያዘቻት። እኔ ከዋጥኩት አይበልጥም፣ አትፍሪ አለቻት፤ ያን ጊዜ ልጅቱ የዋጠችውን ቁጥር በእህቴ ጆሮ ተናገረች። እህቴ ተነሥታ አቧራዋን አራገፈች። ድንቿን ለእኔ ትታ፣ ልጅቱን ይዛ፣ ደብረ ማርቆስ ሐኪም ቤት የሚያደርሳቸው መኪና ልትለምን ወደ መንገዱ ሄደች።